ሳሙናው እስኪጠቁር

ከአዘዞ መንገድ ዳር፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
ቆርቆሮ ቤት አለን፣ ዶፍ ሲጥል የሚያነባ።
ውስጡ አንድ አውሮፕላን፣ መብረር ያልጀመረ፣
ክንፉ ጣውላ ላይ፣ ጭራው ገና የቀረ።
ጎረቤት «ጋሪ ነው» እያለ ይስቅብናል፤
ልጅ በሽንቁር አጮልቆ «መቼ ነው?» ይለናል።

ጋሽ ጓንጉል ዕድሜውን ደብረ ዘይት ኖሮ፣
ስንት ክንፍ ጠጋግኖ፣ ስንት ሞተር ቀይሮ፣
ጡረታ ሲወጣ አገሩ ገባና፣
ያልጠገበው ሰማይ ጠራው እንደገና።

እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አባቴ በመንደር
ማረሻ ሲቀጠቅጥ፣ ማጭድ ሲስል ሲያድር፣
ቀን ሥራውን ወስደው፣ ማታ ስሙን አንሥተው፣
«ዓይኑ ይበላል» ብለው፣ ልጃቸውን ሸፍነው፣
እጁን ላይጨብጡ የሠራውን ጨብጠው
ሲያርሱበት ኖሩ። እንዲህ ነው። ልተወው።

በመጀመሪያው ዕለት፣ ድስት ተሸክሜ፣
ከቅዳሜ ገበያ አሮጌ ለቃቅሜ፣
«እናቅልጠው» አልሁት። በጥፍሩ መታና፣
ጆሮውን አስጠግቶ ትንሽ ዝም አለና፣
«ስሙን የማታውቀው ብረት ክንፍ አይሆንም፤
ወጥ ይችል እንደሁ እንጂ ሰው አይሸከምም።»

ያን ቀን ቅይጥ ተማርሁ።
ንጹሕ አሉሚኒየም፣ ምንም ያልነካካው፣
እንደ ቂጣ ሊጥ ነው፣ ጣት የሚያጎብጠው።
ጥቂት መዳብ ሲያገኝ ወገቡ ይጸናል፤
እርጥበት ካልራቀው ውስጥ ውስጡን ይበላል።
ማግኒዚየም የያዘው፣ ከሲሊከን ጋራ፣
ለብየዳ ገር ነው፣ እሳት የማይፈራ።
ዚንክ ያለበት ደግሞ ከሁሉ ይበረታል፤
ጎንበስ በል ካሉት ግን መሰንጠቅ ይመርጣል።
(እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም።)
«ንጹሕ ነኝ» የሚለው ለምን እንደሚጎብጥ
ላንዳንዱ ጎረቤት ልነግረው ነበረ፤
መጋዝ ያዝሁና፣ ነገሩ ቀረ።

እርሳስ ይዤ ሲያየኝ እጄን መታው በቁጣ፦
«የእርሳስ ጭረት፣ ሲቆይ፣ ዝገት ነው የሚያመጣ!»

የአባቴ ብረት ሲግል ይቀላል፣ ይናገራል፤
ይሄኛው አይቀላም፤ ዝም ብሎ ይቀልጣል።
ስለዚህ የአፍንጫውን ሽፋን ስናበጀው፣
ሉሁን በልብስ ሳሙና ቀብተን ስናግለው፣
ሳሙናው እስኪጠቁር ትንፋሽ ውጦ ማየት፤
ጠቆረ፦ «አንሣው!» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሞት።

ሪቬቶቹ ደግሞ ሌላ ጉድ አለባቸው፤
ከእሳት ውሃ ሲገቡ ይለሰልሳል ገላቸው፣
ግን ሰዓት ይቆጥራሉ፣ ብቻቸውን ይጠጥራሉ፤
በረዶ ካላስተኛናቸው ሳንመታቸው ያረጃሉ።
እንየው ሥጋ ሻጩ ፍሪጁን ፈቀደ፤
ብልቃጡ ከሽንጥ ጎን በረዶ ለመደ።
መብራት የጠፋ ለት፣ ሮጠን ስንደርስ፣
ሪቬቱ ጎልምሶ፣ ሥጋው ሲለሰልስ፣
እንየው ይስቃል፦ «የኔስ ዛሬውኑ ይሸጣል፤
የናንተን ግን ማን ይበላዋል?»

ባለፈው ሚያዝያ፣ ክንፉን ከገላው ጋር
የሚያስር ማያያዣ፣ ከዚያ ከዚንኩ ዘር፣
አርባ ቀን ሞረድሁት።
ጓንጉል ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ በጣቱ ዳሰሰው፤
«ደኅና ነው?» አለኝ።

እታጠፈበት ላይ፣ ክርኑ ላይ፣
ከፀጉር የቀጠነ፣
የጥፍር ጫፍ ብቻ የሚይዘው መስመር ነበረ።
በችኮላ ነው ያጠፍሁት፣ ጠባብ፣ በጅማቱ ርዝመት።
ቀለም ይሸፍነዋል። ማንም አያየውም።
አርባ ቀን ነው። ሉሁም ስንት ልመና ነው።
ከማረፊያው ትልቁ አውሮፕላን ተነሣ፤
ቆርቆሮአችን ተንቀጠቀጠ፣ ዝም አለ።

«ደኅና አይደለም» አልሁት።

ምንም አልተናገረ። መጋዙን አቀበለኝ።
ለሁለት ቆረጥሁት፣ ነገ እንዳያባብለኝ።

አባቴን የሸሹት በዓይኑ ነበር።
እኔን ጓንጉል ያመነኝ በዓይኔ።
ይሄን እንዳልነግረው መቃብሩ ሩቅ ነው።

ጠዋት አዲስ ሉህ አለ፤
ጅማቱን አግድም፣
በወይራው ቅርጽ ላይ፣ ሰፋ አድርጌ፣
በእንጨት መዶሻ፣ ቀስ።
ቀስ።